በጅቡቲ ወደብ የብትን ማዳበሪያ ማራገፍና ማሸግ አገልግሎት፦ ፍጥነቱ፣ ሚዛኑና አቧራው

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በጅቡቲ ወደብ ብትን ማዳበሪያን ከመርከብ አራግፎ፣ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት አሽጎና በከባድ መኪና ጭኖ የሚያስረክብ አንድ አገልግሎት ነው። የምጽፈው ጭነቱን ተረክቦ ወደ አገር ቤት ከሚልከው ወገን ሆኜ ነው። የአገልግሎት ሰጪውን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው ጉድለት በአንድ ድርጅት የተጀመረም፣ በአንድ ድርጅት የሚያበቃም አይደለምና። እንዲህ ያለው ሥራ ሲመዘን ዘወትር የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በቀን ስንት ቶን ተራገፈ፣ ስንት ከረጢት ተቀደደ፣ የከረጢቱ ክብደትስ ልክ ነው ወይ? ከጭነቱ ምን ያህሉ አቧራ ሆኖ ወደ አየር ሄደ የሚለው ጥያቄ ግን በሞላናቸው የርክክብ ቅጾች ላይ ቦታ አልነበረውም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው አራተኛው ጥያቄ ስለሆነ ሌሎቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

በፍጥነት ረገድ አገልግሎቱ የሚመሰገን ነው። ክሬኖቹ ሌሊትም ይሠራሉ፤ የማሸጊያ መስመር ሲበላሽ መለዋወጫውም ባለሙያውም ቅርብ ነው፤ መኪኖች ተራቸውን የሚጠብቁት በሥርዓት ነው። በናሙና የመዘንናቸው ከረጢቶች ልካቸውን የጠበቁ፣ ስፌታቸውም ጠንካራ ነበር። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም። ኢትዮጵያ ለ2017/18 የምርት ዘመን ለመግዛት ያቀደችው ማዳበሪያ 24 ሚሊዮን ኩንታል፣ ማለትም 2.4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። አንድ ትልቅ የማዳበሪያ መርከብ ከ50 ሺህ እስከ 60 ሺህ ቶን ቢይዝ እንኳ፣ ይህን ያህል ጭነት ለማድረስ ከ40 የማያንሱ መርከቦች ተራ በተራ መራገፍ ይኖርባቸዋል ማለት ነው። በጎዴ የሚገነባው የዩሪያ ፋብሪካ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ይህ ሸክም የወደቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለድርቅ ተጎጂዎች የተላከ ስንዴና ለመኸር የተገዛ ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ወቅት ደርሰው ወደቡ የተጨናነቀበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው፣ የማራገፍ ፍጥነት ለምን እንደዚህ እንደሚወደስ አይጠፋውም።

ችግሩ ያለው ፍጥነቱ በሚገኝበት መንገድ ላይ ነው። የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ክሬኑ ግራብ የሚባለውን ባለ ሁለት መንጋጋ መዛቂያ ወደ መርከቡ ሆድ ያወርዳል፤ ግራቡ ማዳበሪያውን ዝቆ ይወጣል፤ በመርከቡና መርከቡ በተጠጋበት የወደብ መድረክ መካከል ያለውን ክፍተት ተሻግሮ ሆፐር በተባለው፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ በሆነው የብረት መቀበያ ላይ ይከፈታል። ከሆፐሩ ሥር የቆመው ማሸጊያ ማሽን መዝኖ ከረጢቱን ይሞላል፤ ሠራተኛው የከረጢቱን አፍ ይዞ ወደ ስፌቱ ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱ በማጓጓዣ ቀበቶ ወደ መኪናው ይወጣል። በዚህ ሂደት ውስጥ አቧራ የሚነሣባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከሁሉም የሚብሰው ግራቡ በሆፐሩ አናት ላይ የሚከፈትበት ቅጽበት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ግራቡ ወደ ሆፐሩ አፍ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ ሲከፈት ማዳበሪያው የሚወድቅበት ከፍታ አጭር ስለሚሆን የሚነሣው አቧራ በአብዛኛው በሆፐሩ ግድግዳዎች መካከል ይቀራል። ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ግን የሚሆነው፣ ገበሬ በአውድማ ላይ እህሉን ወደ ነፋስ ሲበትን የሚሆነው ነው፤ ከባዱ ይወድቃል፣ ቀላሉ ይሄዳል። የሚወድቀው ብዛት ያለው ጭነት በሆፐሩ ውስጥ የነበረውን አየር ገፍቶ ወደ ላይ ያስወጣዋል፤ ያም አየር ደቃቁን ይዞት ይወጣል። በአንድ የክሬን ዑደት ግራቡን ዝቅ አድርጎ ለመክፈትና መልሶ ለማንሣት የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። የክሬን ኦፕሬተሩ የሚመዘነው ግን በሰዓት በሚያወጣው ቶን ስለሆነ፣ እነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች ለእርሱ ኪሳራ ናቸው። በዚህ አገልግሎት ላይ ያስተዋልኩት ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት ወይም በአሮጌና በአዲስ ክሬን መካከል አልነበረም፤ በኦፕሬተርና በኦፕሬተር መካከል ነበር። በአንዱ ፈረቃ ነጭ ደመና በመድረኩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ በሚቀጥለው ፈረቃ በዚያው ክሬን፣ በዚያው ግራብና በዚያው ጭነት መድረኩ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ያየ ሰው አቧራው የማዳበሪያ ተፈጥሮ ነው የሚለውን መልስ አይቀበልም።

የግራቡ መንጋጋ በትክክል አለመግጠምም የራሱ ድርሻ አለው። ጠርዙ የተበላ ወይም የተጣመመ ግራብ ከመርከቡ ሆድ እስከ ሆፐሩ ባለው መንገድ ሁሉ ማዳበሪያ ያንጠባጥባል። የሚንጠባጠበው አንዳንዱ ባሕር ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ መድረኩ ላይ ይበተናል። አገልግሎት ሰጪው ግራቦቹን ይጠግናል፤ የሚጠግነው ግን መፍሰሱ ለዓይን ጎልቶ ሲታይና የመርከቡ ካፒቴን ሲያጉረመርም ነው።

ስለ ጭነቱ ባሕርይ ጥቂት ካልተባለ ግምገማው ፍትሐዊ አይሆንም። እንክብል ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባለው፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘው ማዳበሪያ ከፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው እንክብሎች ናቸው፤ በዚህ መጠናቸው ነፋስ አያነሣቸውም። አቧራ የሚሆኑት ሲሰበሩና ሲፋጩ ነው። ከፋብሪካው መጋዘን ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ግራብ፣ ከግራብ ወደ ሆፐር በተወረወሩ ቁጥር የደቃቁ ድርሻ ይጨምራል። በዚህ ላይ የጅቡቲ እርጥበት አለ። ዩሪያ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 73 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየር ውሃ መሳብ ይጀምራል። የመርከቡ ክዳን ተከፍቶ ባደረበት ባሕር ዳር ይህ መጠን በሌሊት በቀላሉ ይታለፋል። ሌሊት የረጠበው የላይኛው ሽፋን ቀን ሲደርቅ ይጋገራል፤ የተጋገረውን ለመስበር ዶዘር ወይም ኤክስካቫተር ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል፤ ሰንሰለቱና አካፋው ያደቀቀው ደግሞ በግራብ ወጥቶ አቧራ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ በቆመ ቁጥር ክዳን መዝጋት የማዳበሪያውን ጥራት ብቻ ሳይሆን የአየሩንም ንጽሕና ይጠብቃል። አገልግሎት ሰጪው በምሳና በፈረቃ ቅያሪ ጊዜ ክዳኑን ክፍት ይተወው ነበር፤ ስጠይቅ ክዳን ለመክፈትና ለመዝጋት ጊዜ ይባክናል የሚል መልስ አገኘሁ።

የድንጋይ ከሰል በሚራገፍባቸው ወደቦች አቧራን ለማፈን ውሃ ይረጫል። ማዳበሪያ ላይ ይህ አይሆንም፤ ውሃው ያሟሟዋል ወይም ያጋግረዋል። ስለሆነም ያለው አማራጭ አቧራውን በመነሻው ቦታ አፍኖ መያዝ ነው። ለዚህ የተሠሩ ሆፐሮች አሉ፤ በአፋቸው ዙሪያ ጭነቱ ሲወድቅ ተከፍተው መልሰው የሚዘጉ መጋረጃዎች አሏቸው፤ አየሩን በማራገቢያ ስበው በጨርቅ ማጣሪያ ያሳልፉታል፤ ማጣሪያው የያዘውን ደቃቅ መልሰው ወደ ጭነቱ ያራግፉታል። ከዚህ የሚልቀው ግራብን ጨርሶ የሚያስቀረው ዝግ ማራገፊያ ሲሆን፣ በቱቦ ውስጥ በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት ጭነቱን ከመርከቡ ሆድ ስቦ ያወጣል፤ ሲወርቴል የተባለው የስዊድን አምራች የሚታወቀው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። ዋጋው ግን ከግራብና ከሆፐር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥገናውም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በዓመት ውስጥ አንድ ሰሞን ማዳበሪያ፣ ሌላ ሰሞን ስንዴ በሚያራግፍ መድረክ ላይ ይህን ይግዙ ብዬ አልከራከርም።

የገመገምኩት አገልግሎት ባለማጣሪያ ሆፐሮች አሉት፤ ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። ነገር ግን ማጣሪያ መኖሩና ማጣሪያ መሥራቱ ለየብቻ ናቸው። ከሆፐሮቹ አንዱ ማራገቢያው ጠፍቶ ሲሠራ አይቻለሁ። የሌላው መጋረጃዎች ተቀድደው ግማሾቹ ብቻ ቀርተው ነበር። የጨርቅ ማጣሪያ እርጥበት የሳበ ዩሪያ ሲገባበት በቶሎ ይደፈናል፤ ካልተቀየረ ማራገቢያው ምንም ቢጮህ አየር አይስብም። በእኔ ግምት ለእነዚህ መሣሪያዎች የወጣው ገንዘብ ግማሹ የባከነው በማጣሪያ ጨርቅ እጦት ነው።

ከሆፐሩ በታች ያለው የማሸጊያ ቦታ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ያለው አቧራ ከሩቅ አይታይም፤ ከሠራተኛው ፊት ሁለት እጅ ርቆ የሚነሣ ስለሆነ ግን የሚተነፍሰው እርሱ ነው። 50 ኪሎ ግራም ማዳበሪያ ወደ ከረጢቱ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ፣ በከረጢቱ ውስጥ የነበረው አየር በአፉ በኩል ደቃቁን ይዞ ይወጣል። ማሽኑ በመሙያው አፍ ዙሪያ አየር የሚስብ ቀለበት ሊኖረው ይችላል፤ ባየኋቸው መስመሮች ላይ ግን በአንዳንዶቹ ብቻ ይሠራ ነበር። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ጭምብል ቀጭን የሕክምና ጭምብል ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ጭምብል በጉንጭና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ክፍት ስለሚሆን ከአቧራ አያድንም። በአውሮፓ መለኪያ ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የሚባለው፣ ቢያንስ 94 በመቶ ደቃቅ የሚያግደውና ከፊት ጋር የሚገጥመው ጭምብል ነው ለዚህ ሥራ የሚሆነው። በጅቡቲ ሙቀት እንዲህ ያለውን ጭምብል ለብሶ ሙሉ ፈረቃ መቆም ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህም ጭምብሉ ያለ አጭር ፈረቃና ያለ ጥላ ማረፊያ ብቻውን ቢታዘዝ ሠራተኛው አውልቆ በኪሱ ይይዘዋል። ብዙዎቹ ፊታቸውን የሚሸፍኑት በሻሽ ወይም በፎጣ ነበር።

የዩሪያ አቧራ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣል። እርጥብ በሆነ፣ ቆሻሻ ባለበት ወለል ላይ ሲቆይ ደግሞ በውስጡ ያሉ ተሕዋስያን ወደ አሞኒያ ስለሚለውጡት፣ በመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚሸተው የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣል። የኤንፒኤስ አቧራም እንዲሁ የመተንፈሻ አካላትን ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው በአካባቢው ባይሠራ ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከ10 ማይክሮን የማይበልጥ ደቃቅ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮ ግራም፣ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይመከራል። በዚህ መድረክ ላይ ስንት እንደሆነ የሚናገር መለኪያ አላየሁም። የከረጢቱ ክብደት በየሰዓቱ በሚመዘንበት ቦታ የአየሩን አቧራ የሚመዝን አንድ መሣሪያ አለመኖሩ ለእኔ የአገልግሎቱ ዋነኛ ክፍተት ነው። ቅር የሚለው ሠራተኛም ሆነ የሚከላከለው ሥራ አስኪያጅ የሚከራከሩት በዓይን ግምት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሾፌሮች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ስጋት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ ከፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ወዲህ፣ ማዳበሪያ ሁሉ የሚፈነዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዩሪያም ኤንፒኤስም አሞኒየም ናይትሬት አይደሉም፤ እንደዚያ አይፈነዱም። በዚህ መድረክ ላይ የሚያሳስበው በየፈረቃው ወደ ሳንባ የሚገባው ነው።

ስለ ወለሉ ጽዳት በአጭሩ ልናገር። ከግራብና ከማጓጓዣ ቀበቶ የወደቀው ማዳበሪያ ቶሎ ካልተነሣ ከባድ መኪኖች ይሄዱበታል፤ ጎማው የፈጨው ዱቄት ከመጀመሪያው እንክብል እጅግ የደቀቀ ስለሚሆን የሚቀጥለው መኪና ሲያልፍ ይነሣል። በዚህ አገልግሎት ወለሉ የሚጸዳው በረጅም መጥረጊያ ነበር፤ መጥረጊያ ደግሞ ከሚሰበስበው እኩል ያስነሣል። አንዳንድ ጊዜም ማሽኑ በተጨመቀ አየር ይነፋል፤ ይህ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የሚስብ የወለል መጥረጊያ መኪና ከክሬን ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አቧራው ከወደቡ አጥር ውጭ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ነፋሱ ነው። የዶራሌ ሁለገብ ወደብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሲመረቅ፣ ትልቅ የጭነት ሥራ ከከተማዋ ጋር ተጣብቆ ከሚገኘው ከአሮጌው ወደብ ወደ ምዕራብ የመውጣት ዕድል አገኘ፤ ለከተማዋ አየር ይህ ጥሩ ነበር። ቀዝቀዝ ባለው ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ፣ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ከዶራሌ የሚነሣው ከከተማዋ ይርቃል። በሞቃቱ ወቅት ካምሲን የተባለው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙው ማዳበሪያ ከመኸር እርሻ በፊት መድረስ ስላለበት የሚራገፈው በቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ የዘገየ መርከብ ግን ካምሲን ላይ ይደርሳል። የትኛው መርከብ በየትኛው ወር በየትኛው መድረክ እንደሚራገፍ ሲታቀድ ነፋሱን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ ወደ ውሉ ይመልሰናል። በተለመደው ውል ዝናብ ሲጥል ሥራ ወዲያው ይቆማል፣ ክዳን ይዘጋል፣ የቆመበት ሰዓትም ከማራገፊያው ጊዜ አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ዝናብ ጭነቱን ያበላሻል። ለነፋስ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም፤ ክሬኑን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነፋስ ካልመጣ በቀር ሥራው ይቀጥላል። መርከቡ ከተስማማው ጊዜ በላይ ከቆየ ጭነት ተቀባዩ ዲመሬጅ የተባለውን የመዘግየት ክፍያ ይከፍላል፤ ቀድሞ ከጨረሰ አንዳንድ ጊዜ የሚመለስለት አለ። ስለዚህ በነፋሻማ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ቀዝቀዝ አድርጉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኪሳራውን ራሱ ይሸከማል። ይህን እኛም ጭነት ተቀባዮቹ የፈረምነው ውል ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በአገልግሎት ሰጪው ላይ መጫን አይገባም። ኦፕሬተሩን የሚያስቸኩለው ተቆጣጣሪው ነው፤ ተቆጣጣሪውን የሚያስቸኩለው የመርከቡ ሂሳብ ነው፤ የመርከቡን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ የማዳበሪያው ባለቤት ነው።

ባለቤቱ በሌላ በኩልም ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል ከ60 ሺህ ቶን ጭነት ከሺህ አንዱ በነፋስ ቢሄድ 60 ቶን ነው፤ ይህም 1,200 ከረጢት ይሆናል። በማራገፍ ላይ የሚታይ መጉደል በጥቅሉ የጉዞ ብክነት ተብሎ በሚፈቀድ መቶኛ ውስጥ ስለሚዋጥ ማንም አይጠይቅበትም። እኔ ግን ከጤናው ክርክር ይልቅ ይህ የሂሳብ ክርክር በስብሰባ ላይ ቶሎ እንደሚሰማ ተረድቻለሁ፤ ደስ ባይለኝም እጠቀምበታለሁ።

ከአምስት ነጥብ ብሰጥ ለፍጥነቱ አምስት፣ ለሚዛንና ለስፌት አራት፣ ለአቧራ ቁጥጥር ሁለት እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ነጥቦች የተገኙት ባለማጣሪያ ሆፐር በመኖሩና አንዳንድ ኦፕሬተሮች ከማንም ሳይታዘዙ በሚያሳዩት ጥንቃቄ ነው። በሚቀጥለው ወቅት ይህንኑ አገልግሎት እንድንቀጥር ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያው አለው፣ ሰውም አለው። ሐሳቡን ያቀረብኩት ግን ከአዲስ የውል አንቀጾች ጋር ነው። ግራቡ ከሆፐሩ ጠርዝ በታች ካልገባ እንዳይከፈት፤ የሆፐሩ ማራገቢያ ከጠፋ በዚያ መስመር ማራገፍ እንዲቆም፤ የማጣሪያ ጨርቅ መለዋወጫ ከመርከቡ መድረስ በፊት በመጋዘን እንዲገኝ፤ በመድረኩ ላይና በአጥሩ ጫፍ የአቧራ መለኪያ ተተክሎ ንባቡ ከዕለቱ የቶን ሪፖርት ጋር አብሮ እንዲላክ፤ ነፋሱ ከተስማማንበት ፍጥነት ሲያልፍ የቆመው ሰዓት እንደ ዝናብ ሰዓት እንዲቆጠር። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ከመርከብ ባለቤቶች ወኪሎች ጋር ገና አልተስማማንም፤ የቀረቡልን የመልስ ሐሳቦች የነፋሱን ፍጥነት የሚለካው ማን ነው በሚለው ላይ ቆመዋል።